ያለ ኤሌክትሪክ የምትሄደው ዘንግ

ለመላው ቤተሰብ የተላለፈ ከፍተኛ መግለጫ፦ የወንድምሽ መኝታ ቤት በር ሲጢጥ ማለቱን አቁሟል። ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

የኔ እመቤት፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ራስ ምታቱስ ለቀቀሽ? ያ መቃ የመሰለው ባልሽ ትንሽ ሥጋ ጣል አደረገ ወይስ ነፋስ ሲነሳ አሁንም ትይዢዋለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የሚያመኝ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ወንድምሽ ሰሞኑን አላማረኝም። በገባሁ ቁጥር ኮምፒውተሩን ከደን ያደርጋል። ሴት ናት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሩን ዘይት ቀብቼ ኮቴዬን አጥፍቼ ብገባ፣ አፍጥጦ የሚያየው ለካ ብረት ነው! ጋዝ ሲያፈተልክ መስመሩን የሚዘጋ ዕቃ እየነደፈ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የተጠቀለለው ሽቦ መግነጢስ ይሆንና መሃሉ ያለችውን የብረት ዘንግ ስቦ ያስገባታል፤ እሷም ስትገባ ጋዙን ትዘጋለች፤ ሶሌኖይድ የምትሉት ነው። ዕቃው ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር ይሞከራል አለኝ። የምትንቀሳቀሰው የትኛዋ ክፍል እንደሆነች ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ዙሪያዋን የአየር ክፍተት ይተውላታል፣ የምትቆምበትን ያበጅላታል። ዘንጓም ስክሪኑ ላይ ሽር ብላ ገብታ ቦታዋን ያዘች።

በጣም ስላማረች ጠረጠርኳት። «እስቲ የሽቦውን ኤሌክትሪክ አጥፋው» አልኩት። «ለዛሬ ይቅርብህ አባባ» አለኝ። ይቅርብህ ሲለኝ ይበልጥ ድርቅ አልኩ። እያጉረመረመ አጠፋው። ዘንጓ ሆዬ፣ ያለ አንዳች ኤሌክትሪክ ዘው ብላ ገባች!

ጆሮው ቀላ። ሲጨንቀው ተናገረ፤ ለካ ፍጥነቷን ወስኖ የሰጣት መግነጢሱ ሳይሆን ራሱ ነው። ክብደቷንና ወደ ኋላ የሚመልሳትን የስፕሪንግ ግፊት አስገብቶ መግነጢሱ ራሱ ይሳባት ሲል ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች፤ ጋዙም አይዘጋም። ይህንን ለአለቃው አልነገረም። ሐሙስ የሚያሳየው ያችን ያማረችውን ነው። አለቃው ካመነው ዕቃው ተሠርቶ ሰው ማድ ቤት ይገባል። «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ይለኛል። «ደግሞ እንዲህ አድርግ ያለችኝ እህቴ ናት» አለ።

እንግዲህ አንቺንም ጠርጥሬሻለሁ። እውነት አንቺ ነሽ? ልጆች ሳላችሁ ስኳር ሲጎድል ሁለታችሁም እኩል ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የምታዩት።

ይህን ደብዳቤ እሱ እንዳያየው የታችኛዋ ጎረቤታችን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ጎረቤቴ፣ እያነበብሽው መሆኑን አውቃለሁ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ባልሽን ሳሚልኝ፣ እንዳይሰበር ግን ቀስ ብለሽ። የትንሿ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። አማትሽን እንደምን አሉ በይልኝ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ጉዳዩን ግን አልነገርኳት፣ ሆዷ ወሬ አይችልም።

አያትሽ
መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ማስታወሻ፦ ወንድምሽ ስምሽን ጨርሶ አላነሳም። «ያለችኝ እህቴ ናት» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ተናደሻል አይደል? እንግዲያው ሳይበርድልሽ አሁኑኑ ደውዪለት። በእኔ ይስቃል፤ አንቺን ግን ይፈራሻል።