ወንዙን የሚጠብቅ ራዳር የሠሩት የኢንጂነር ቀናው የሺዋስ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ቀናው የሺዋስ ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ የሺዋስ ተሰማና ከወይዘሮ ወርቅነሽ ደርቤ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. አቃቂ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለዋል። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው የአባታቸውን ሬዲዮ ፈታተው መልሰው ለመግጠም ሦስት ወር ፈጀባቸው፤ አባታቸውም ሦስት ወር ሙሉ ዜና ከጎረቤት ሰሙ።

በ1971 ዓ.ም. ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ተልከው ለሬዲዮና ለራዳር የሚሆኑ የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ትራንዚስተር ሰርኪዩቶችን ንድፍ አጠኑ። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት የመገናኛ መሣሪያዎች ጥገና ክፍል አገልግለው በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሌንሳ ቡልቻ ጋር ጋብቻ መሥርተው የአብስራንና ፈቀደን አፍርተዋል።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት በሰፈራቸው የሚያልፈው የአቃቂ ወንዝ ሞልቶ የጎረቤታቸውን የባለሱቋን የወይዘሮ ሰኪናን ባለቤት ወሰደ። ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት ወይዘሮ ሰኪና፣ «ውሃው ሳይደርስ የሚነግረን ሰው አጣን» ብለው ሲያለቅሱ ሰሙ። ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የወንዙን ከፍታ በራዳር ለክቶ በሬዲዮ ማስጠንቀቂያ የሚልክ መሣሪያ ለመሥራት ቆርጠው ተነሡ። ቢሮ ለቢሮ ቢዞሩ «ከውጭ እስኪገዛ ይጠብቁ» ተባሉ። እሳቸው ግን መጠበቅ አያውቁበትም!

መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ክፍት ሆኖ አንጀት የሚያርስ ሥራ ይሠራል፤ ዝናብ እንዳያገኘው የብረት ክዳን ሲደረግበት ግን ያብዳል። ኢንጂነሩ ጥፋቱን በትራንዚስተሮቹ እያላከኩ ንድፉን አሥራ አንድ ጊዜ ለወጡ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ጥፋተኛው ክዳኑ ራሱ ሆኖ ተገኘ፦ ብረቱ ሞገዱን እየመለሰ ወደ ሰርኪዩቱ ይልከዋል። «ይህን እኮ ገና ተማሪ ሳለሁ አውቀው ነበር» ብለው በራሳቸው ተናደዱ። ወዲያው የወይዘሮ ሌንሳን የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ አንሥተው ገጠሙበት፤ ሰላም ሆነ። ወይዘሮ ሌንሳ ግን እስከ ዛሬ ምሳ ዕቃቸውን ይጠይቃሉ።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸውና በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ጀመሩ። ሐኪም እረፉ ቢላቸው፣ እህታቸው አስቴር ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ማን ሰምቶ! ከእጥበት ሲወጡ ልጃቸውን ፈቀደን አስከትለው ከሰፈሩ በላይ ወዳለው የወንዙ ድልድይ ይሄዱ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መሣሪያው ከድልድዩ ሥር ተሰቀለ፤ የማስጠንቀቂያው ደወልም በወይዘሮ ሰኪና ሱቅ በር ላይ ተተከለ።

ነሐሴ 14 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። አርባ አባወራ ልጅና ሽማግሌ ይዞ ወደ ዳገቱ ወጣ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ውሃው መጥቶ ሦስት ቤት ጠረገ፤ ሰው ግን አልነካም። ኢንጂነር ቀናው በዚያ ሰዓት እጥበት ላይ ነበሩ። ወይዘሮ ሰኪና ደውለው «ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም አለን» ሲሏቸው እንደ ሕፃን አለቀሱ። አብረናቸው የነበርን ቤተሰቦቻቸው ሲያለቅሱ ስናያቸው የመጀመሪያችን ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንድ የልጅ ልጃቸውና እህታቸው በሕይወት አሉ። ቤተሰቡ መክሮ፣ ከዚያ ጎርፍ የወጡት አርባ አባወራዎችም ኢንጂነር ቀናው ትተዋቸው ከሄዱት ቤተሰቦቻቸው ጋር እንዲቈጠሩ ወስኗል፤ ይኸው ዛሬ ወይዘሮ ሰኪና ከነልጆቻቸው ከአስከሬኑ አጠገብ ቆመዋል።

ለሰው ሲሉ መድከምን ያልሸሹትን ወንድማችንን አምላክ በደጋግ አባቶች እቅፍ ያሳርፍልን።