መኪናዋን ከአሸዋ ያወጣሻት አንቺ ነሽ

ይድረስ ለሰሚራዬ፣

በኮልፌ ቀራንዮ ከእኔ የበለጠ ደብዳቤ የሚጽፍ ወንድ የለም። እሺ፣ በኮልፌ ማለቴ ትንሽ በዝቷል። በማታ ትምህርት ክፍላችን ልበል። እሱም ከኋላ ወንበር ከሚቀመጡት። የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል። አስተማሪዋ ራሷ "ሙስጠፋ፣ ይሄ ጎማ ሲፈታ የኖረ እጅ አይመስልም" ብላኛለች።

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል ተብለናል። ያንቺን እንዴት እንደምጠይቅ ስለቸገረኝ አልፌዋለሁ። ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። በወንድምሽ በከማል ተናድጃለሁ፣ በአንቺም ጭምር። የሞተ ሰው ላይ ይቆጣሉ ወይ በይኝ። እቆጣለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ጎረቤታችን ፎቅ ሠርቶ ፀሐያችንን ወሰደ፤ አንቺ ልብስ የምታሰጪበት ገመድ ላይ አሁን ካልሲ እንኳ አይደርቅም። እኔ እዚያው አየር ጤና ጎሚስታ ነኝ። በሕይወት እያለሽ "ተማር" ባልሽኝ ቁጥር "ጎማ ፊደል አይጠይቅም" እያልኩ ስስቅብሽ ኖሬ፣ ከሄድሽ በኋላ በእልህ ተመዘገብኩ። አሁን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ልጃችንን ሂክመትን አሳፍራታለሁ። እሷ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አወጣች። እንዳንቺ ሽርጥና ጫማ ጭና አፋር ገበያ ልትወርድ ቆርጣለች። የምትፈልገው ያቺን ያባትሽን ላንድክሩዘር ነው፣ አንቺ የነዳሻትን።

ቁጣዬ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መኪናዋ ሳንሱሲ፣ ከማል ግቢ ቆማ ነበር። "አንተ ማቆሚያ የለህም፣ ለጊዜው እኔ ጋ ትሁን" ብሎ ወሰዳት፤ ቁልፉም ለጊዜው ኪሱ ገባ። ለኢድ ምሳ ጠራን። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ሂክመት መኪናዋን ብትጠይቀው ሳቀና፣ ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ።

"እናትሽ፣ አላህ ይርሃማትና፣ አሸዋ ውስጥ እስከ ሆዷ ቀብራት ነበር። እኔ መሪውን ባልይዝ ያን ቀን አጥንታችንን ጅብ ይግጠው ነበር። ይቺ የሴት መኪና አይደለችም፣ የኔ ልጅ። ገዢ አግኝቼላታለሁ።"

ሰማሽ ሰሚራ? መሪውን ባልይዝ!

እኔ እኮ እዚያ ነበርኩ። ከአዋሽ ወዲያ ያ ደረቅ ወንዝ። አሸዋው ሲያዩት የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል፤ መሀሉ ስንደርስ ጎማው ስምጥ አለ። ዕቃ ሊያወርድልን አብሮን የመጣው ከማል ዘሎ ወረደና መጮህ ጀመረ። "ስጪው! ጋዝ ስጪው! ሙስጤ፣ ግፋ እንጂ!" የኮልፌ ጭቃ መስሎታል። እዚህ በክረምት ሚኒባስ ሲያዝ ሰፈሩ ወጥቶ ይገፋል፣ ሹፌሩ ይረግጣል፣ ጭቃው ፊታችን ላይ ይረጫል፣ መኪናው ይወጣል። እኔም የማውቀው ያንኑ ስለሆነ ገፋሁ። በረገጥሽ ቁጥር ግን ጎማው የራሱን ጉድጓድ እየቆፈረ ወረደ።

አንቺ ሞተሩን አጠፋሽ። ወረድሽ፣ ውኃ ጠጣሽ፣ ዞር ዞር ብለሽ አየሻት። ከዚያ "ሙስጤ፣ ጎማዎቹን አስተንፍሳቸው" አልሽኝ። ለእኔ! ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲነፋ ለኖረ ሰው! ጠዋት ላንቺ ብዬ ድንጋይ እስኪሆኑ የነፋኋቸውን!

"አብደሻል እንዴ?" አልኩሽ።

"የግመል እግር አይተህ አታውቅም? ሰፊ ስለሆነ ነው የማይሰምጠው። የጎማውም ሆድ ይዘርጋ።"

አስተነፈስኩ። አየሩ ፉት እያለ ሲወጣ የራሴ ነፍስ የምትወጣ መሰለኝ። አሸዋውን በእጃችን ዛቅን። ከሽርጡ ላይ ጆንያውን ገፈሽ ከጎማው ሥር አነጠፍሽ። ከዚያ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳታበዢ፣ በመጣንበት ዱካ ወደ ኋላ ቀስ እያልሽ አወጣሻት። ጠንካራ መሬት እስክትደርሺ አልቆምሽም። ከማል ጫማውን በእጁ ይዞ እየሮጠ "ጥላን ሄደች! ኧረ እህቴ ጥላን ሄደች!" ይል ነበር። ከዚያ አራቱንም ጎማ በእግር ፓምፕ መልሼ የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ማንም አይንሳኝ።

አሁን ያንቺን ጥፋት ልንገርሽ። ስንመለስ አየር ጤና ላይ ከማል "ከዚህ እኔ ልንዳ" አለ። ሰጠሽው! "ይንዳ፣ ደስ ይበለው" ብለሽ ሻሽሽን አስተካክለሽ ወደ ጎን ተቀመጥሽ። ሰፈሩ ያየው አቧራ የጠጣች መኪና ላይ ከማልን መሪ ይዞ ነው። እሱ በመጀመሪያ "አወጣናት" ይል ነበር፣ እያደር "አወጣኋት" ሆነ። እኔ ስንጨረጨር አንቺ ትስቂያለሽ። "ተወው፣ እኔ አውቀው የለ?" ትይኛለሽ። አዎ፣ ታውቂው ነበር። አሁን ግን የለሽም። ያ ሳቅሽ ልጅሽን መኪና ሊያሳጣት ነበር፣ ገባሽ?

ስለዚህ ተነሣሁ። በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት "ከማል፣ እሷ ስታወጣት አንተ ከኋላ ትሮጥ ነበር" አልኩት።  አንዲት አክስታችሁ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክረው ስለነበር ላፍ አድርጌው ወጣሁ።

መኪናዋ አሁን የጎማ ቤቴ ደጃፍ ላይ ናት። ሂክመትን መንፋቱንም ማስተንፈሱንም አስተምሬያታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ትወርዳለች፣ እኔ ጋቢና ከጎኗ ነኝ። ቤት ደጃፍ እስክንደርስ መሪውን ለማንም እንዳትሰጥ ቃል አስገብቻታለሁ። ይህን ደብዳቤ ደግሞ ጎማ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ጎማው እስኪነፋለት የሚጠብቅ ሁሉ ያንብበው። ከማልም ይምጣና ያንብብ። ማንበብ ለማይችል እኔ አነብለታለሁ። እኔ እያለሁ ያንን አሸዋ ማን እንደረታው ይህ ሰፈር አይረሳም፣ እኔም አልረሳሽም።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። በእስክሪብቶ ስለሆነ ብሰርዘው ጽሑፌ ይበላሻል። ከማልን ያን የተናገርኩት እኔ አይደለሁም። ተነሥታ "አጎቴ፣ እማዬ ስታወጣት እርስዎ ከኋላ እየሮጡ ነበር" ያለችው፣ ቁልፉንም ከጣቱ ላይ የወሰደችው ሂክመት ናት። ከማል ባንቺ ላይ ያደረገውን እኔ በልጄ ላይ ላደርገው ነበር። እኔማ እሷ ሞተሩን አስነሥታ ጥሩንባ ስታሰማኝ፣ በር ላይ ከተከመረው የዘመድ ጫማ መሀል ግራ ጫማዬን እየፈለግኩ ነበር።

ያንቺው ሙስጠፋ