ሽማግሌ የተላከበት ጉበት

አምቦ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቶሌራ ባይሳ፤
ዴልሂ

እንደምን ሰነበትክ? ይህን ከጠየቅሁህ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ትናንት ሚስትህ ብርቅነሽ ስትደውል እንዴት ዋለ አልኳት። "ይተኛል፤ ሲነቃም ጊንጪ ያለ ይመስለዋል" አለችኝ።

እኛ ደህና ነን። ጋዲሴን ጉልበቷን ያማታል። ልጃችን ሃዋኒ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። እኔ ጡረታ ወጥቼ ድሮ ተማሪዎቼን አንብቡ ያልኳቸውን መጻሕፍት አሁን ራሴ አነባለሁ። ልጆቹ ያላነበቡት ወደው አይደለም።

ብርቅነሽ የላከቻቸው ሽማግሌዎች በነሐሴ መጨረሻ መጡ። ኦቦ ሌንጂሳ ከሁለት ሰዎች ጋር፣ ጋቢያቸውን ለብሰው በራፌ ላይ ቆሙ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ሃዋኒን ለሰው ልጅ ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ አይሆንም የሚል ንግግር በሆዴ አዘጋጀሁ። ኦቦ ሌንጂሳ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "ከቤትህ አንድ ነገር ፈልገን ነው የመጣነው፤ ከጉበትህ ለወንድምህ" አሉ።

ጋዲሴ ሣቋን ልትደብቅ ጓዳ ገባች። እዚያው አለቀሰች።

እኔ ደግሞ አባታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እህታችንን ሲድሩ ያሉትን አልኩ፤ "ዘመድ አማክሬ አሳውቃለሁ።" በአገራችን ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ የሚመልስ የለም፤ ነውር ነው። ሁለት ሳምንት ቀጠርኳቸው፤ ሲመለሱ ሌላ ሁለት ሳምንት ጨመርኩ፤ በሦስተኛው ፈቀድኩ። የማማክረው ዘመድ ግን አልነበረኝም። ያለኸኝ አንተ ነህ። በዚህ መሃል ሆድህ ውሃ መያዙን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አዲስ አበባ ሄጄ ተመረመርኩ፤ ይገጥማል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በትዕግሥት አስረዳኝ። ከሕያው ሰው ጉበት ከተቀበሉት መቶ ሰዎች ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና ያህሉ ዓመቱን ይሻገራሉ፤ በሽተኛው ከመጠን በላይ ሳይደክም ከተደረገ ነው ታዲያ። ከኔ ከግማሽ በላይ ተቆርጦ ላንተ ይገባል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የኔም ያንተም መልሶ ያድጋል። አባታችን በዚያ የጊንጪ ማሳ ፈንታ ጉበት ቢያወርሱን ኖሮ ስንካፈል ባልተጣላን። ሰጪውም አልፎ አልፎ ይሞታል አለኝ፤ ከብዙ መቶ አንድ ሰው። ይህን ለጋዲሴ አልነገርኳትም። ሳታውቅ አትቀርም፤ ሰሞኑን ሸሚዞቼን ሁሉ አጥባ ተኩሳለች።

በመጨረሻ ያስገደደህ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሦስት ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ቆሞ መለመኑ በሕክምና ምን እንደሚባል አላውቅም። የለም ብዬ ፈረምኩ።

እውነቱም እሱ ነው። ቶሌራ፣ እነ ኦቦ ሌንጂሳ በመጀመሪያው ቀን ከደጄ ሳይርቁ እሺ ብዬ ነበር፤ በአፌ አላልኩትም እንጂ። ወግ ይዞኝ ነው እላለሁ። ጋዲሴ ግን "ወግ አይደለም፤ በዘጠኙ ዓመት ኩርፊያ ነው ያስጠበቅኸው" አለችኝ። አልተከራከርኳትም።

በረራዬ ማክሰኞ ነው። ብርቅነሽ ይህን በጆሮህ ታንብብልህ፤ ተኝተህም ቢሆን ታንብበው። እግዚአብሔር እነዚህን አራት ቀናት ይስጥህ፤ የቀረውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ወንድምህ
ጉተማ ባይሳ