ሁለቱ ተሸናፊዎች የገፉት ጋሪ

ለምወድህ ወንድሜ ለአልቪን፦

ከፓናማ ጭቃና ከቦዩ ቁፋሮ ጋር እንዴት ከርመሃል? ወባው ለቀቀህ ወይ? እጅህስ ዳነልህ? እኛ ናፍቆትህ ካልሆነ በቀር ደህና ነን። በቆሎው ተሰብስቧል፤ እናታችንንም ሳሏ ተሽሏታል።

በደብዳቤህ «አባባና ሃርላን ካልታረቁ ለገና አልመጣም» ብለህ ነበር። ነገሩን እንደሆነው ላጫውትህ።

የሪፐብሊካን ፓርቲ በሰኔ ለሁለት ሲሰነጠቅ ቤታችንም አብሮ ተሰነጠቀ። አባባ ከፕሬዚዳንት ታፍት ጋር ቀረ፤ ታላቃችን ሃርላን ሩዝቬልትን ተከትሎ ወጣ። አባባ «ከሃዲ» አለው፤ እሱም «በጸደይ ጓዜን ጠቅልዬ ካንሳስ እገባለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ገበታ ተቀምጠው ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ነበር። እኔ ድምፅ የሌለኝ ሴት፣ ገና ያኔ «እናንተ ስትከፋፈሉ የዴሞክራቶቹ ዊልሰን ዘው ብሎ ይገባል» ብያቸው ነበር። ማን ሊሰማኝ።

ጎረቤታችንን ክራንዝን ታውቀው የለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ የኖረውን ዴሞክራት። በመስከረም አባባ ለብቻው፣ ሃርላንም ለብቻው ከእሱ ጋር ተወራረዱ፤ «እጩዬ በቀበሌያችን ከዊልሰን ካነሰ፣ በእጅ ጋሪ አስቀምጬህ ከፖስታ ቤት እስከ ወፍጮ ቤት እገፋሃለሁ» ብለው። አንዱ የሌላውን ውርርድ አያውቅም። ክራንዝ ጢሙን እየደባበሰ ለሁለቱም እሺ አለ።

ድምፁ ሲቆጠር ዊልሰን 112፣ ታፍት 81፣ ሩዝቬልት 74 ሆነ። የሁለቱን ደምረው፤ 155 ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር፤ የእኛዎቹ እርስ በርስ ሲተበተቡ አንበሳው አልፎ ሄደ።

ትናንት ቅዳሜ ሁለቱም ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተፋጠጡ። ጋሪው አንድ፣ እጀታው ሁለት። ክራንዝ የእሁድ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀመጠና «በሉ ግፉ እንግዲህ፤ ዊልሰንን ያስመረጣችሁት እናንተው ናችሁ፣ እኔማ የሰጠሁት አንድ ድምፅ ነው» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ ግራውን፣ ሃርላን ቀኙን ያዙ። አንዱ ሲፈጥን አንዱ ሲዘገይ ጋሪው ዞረና ሰውየው ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። ያኔ አባባ «ከእኔ እኩል ተራመድ፣ ልጄ» አለው። የአምስት ወር ዝምታ በዚህ አለቀ፤ እኔም መንገዱ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ሲመለሱ ባዶውን ጋሪ ማን ይግፋ እያሉ ይከራከሩ ነበር።

ካንሳስ ቀርቷል። ስለዚህ የመርከብ ቲኬትህን ቁረጥ።

እናታችን ካልሲህን ሠርታ ጨርሳለች፣ ትስምሃለች። የሃርላን ሚስት ኦፓል ሰላም ብላሃለች። ክራንዝም «ጋሪው አሁንም አለ በይው» ብሎኛል። አባባና ሃርላን ሰላም ይሉሃል፤ ሰላምታችንን በአንድ ላይ ጻፊልን ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

እህትህ ቨርና
ዌይን ክሪክ፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 10 ቀን 1912