ሐኪም የሚጥለው ዕጣ

ዘንገና፣ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይሄነው፤ አሶሳ

ሰላምታ ለተጣላም ሰው ይገባልና እንደምን ከርመሃል? እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዷል። ድንቹን ባለቤቴ ብቻውን ዳንግላ ወስዶ ሸጠው፤ ቀኝ እጄ ሸክም እንቢ ስላለኝ እኔ ቀረሁ።

ባሕር ዳር ታይቼ ነበር። ከጡቴ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን ከነገሩኝ በኋላ ጥናት ውስጥ ግቢ አሉኝ። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለማን የትኛው እንደሚሰጥ በዕጣ ይለያል።

«ሐኪም ዕጣ ይጥላል እንዴ?» አልኋት ነርሷን።

«ሁለቱም ያክማሉ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን ገና አናውቅም።»

«ካላወቃችሁ ከጠንቋይ በምን ተሻላችሁ?»

«እታለም፣ ጠንቋይ እኮ አላውቅም አይልም» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። የአባታችንን መሬት በዕጣ ስንካፈል ላንተ ጥቁር አፈሩ፣ ለኔ ረግረጉ ደረሰን። ዕጣው የተቀመጠው በአንተ ቆብ ውስጥ ነበር። አጭበርብረኸኛል ብዬ ስምንት ዓመት አላናገርሁህም፤ ዛሬም ቃሌ ያው ነው።

ቢሆንም ፈርሜያለሁ። ዕጣው የሚወጣው ታኅሣሥ 4 ማክሰኞ ነው። የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው ይላሉ፤ ሰው ይዘሽ ነይም ብለውኛል። ባለቤቴ አይሆነኝም፤ ያለቅሳል። አንተ መጥተህ ከጎኔ ቁም። ታርቄሃለሁ ማለቴ አይደለም፤ ዕጣ ላንተ ስለሚያደላ ነው።

ልጄ ናርዶስ ሰባት ዓመት ሞላት። አጎት እንዳላት የነገርኋት ትናንት ነው።

አክባሪህ ብዬ አልዋሽም። መንገዱን ሰላም ያድርግልህ።

እህትህ ውዴ