የማማ ሊን የአራስ ሾርባ

ሰኞ

ሙና ዛሬም አጥሚቱን መለሰችው። አንድ ጉንጭ ቀምሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከወለደች ወዲህ ደሙ አልቆመላትም፣ ከንፈሯ ነጥቷል። ሕፃኗ ደህና ናት፤ ግን እናቷ ካልበላች ምን ትጠባለች? እዚህ በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ ዱርንፎንቴን፣ አራስ የሚጠይቅ እንጂ የሚያርስ የለም። እናታችን አገር ቤት ናት። ያለሁት እኔ እህቷ ነኝ፣ እኔም ግማሽ ቀን ሱቅ።

ከሰዓት ማማ ሊን መጣች፣ ለሱቃችን ብርድ ልብስ በጅምላ የምታስረክበን ቻይናዊት። በእነሱም አገር አራስ ከቤት አትወጣም፣ ቀዝቃዛ ውሃ አትነካም አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። ከረጢት ሙሉ ሥራ ሥርና ቀይ ቴምር ይዛለች። በሰባራ እንግሊዝኛችን አሠራሩን ነገረችኝ። ሥራ ሥሩን አጥቦ መዘፍዘፍ። ዶሮውን ለብቻው አንዴ አፍልቶ አረፋውን መድፋት። ከዚያ ሁሉንም ከዝንጅብል ጋር በሸክላ ድስት፣ በቀስታ እሳት። ብረት ድስት በፍጹም። ጨው መጨረሻ ላይ ብቻ።

ልትወጣ ስትል፣ «ሲሲ፣ ደሙ ቆሟል?» አለችኝ፤ ሲሲ በዚህ አገር እህቴ ማለት ነው።

ጀማል፣ የሙና ባል፣ እዚያው ሶፋው ላይ ነበር። ወንድ ፊት የእህቴን ደም ላወራ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቆሟል አልኳት።

ማክሰኞ

ሐላል ዶሮ ገዛሁ። በሎሚና በጨው አሽቼ እስኪነጣ አጠብኩት፤ ይህን እንኳ ማንም አያስተምረኝም። ቤቱ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ። ሙና አፍንጫዋን ይዛ ጠጣች። ሳህኑን ጨረሰች! ለእናቴ ደውዬ ሁለታችንም አለቀስን።

ረቡዕ

ደሙ ባሰ። ጠዋት ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ ምን እንደጠጣች ስትጠይቀኝ ለማማ ሊን ደወልኩ። ያ ሽታው የሚከብደው ሥር ደም ያንቀሳቅሳል፣ ደሙ ለቆመላት ብቻ ነው አለች ማማ ሊን። «ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ሲሲ።»

ሐኪሟ ከሥሩ ይሁን አይሁን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለች። እኔን ግን አላጽናናኝም። ይሉኝታዬ እህቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ለጀማል ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። መሬት መሬት እያየ፣ «ልብሷን ማን የሚያጥብ መስሎሽ ነው?» አለኝ። «ቆሟል ስትዪ ሰምቻለሁ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።»

ሁለት ጎልማሶች። አንድ ቃል አቅቶን።

ዓርብ

ሙና ቤት ገባች። ደሙ ቀንሷል፣ አልቆመም። ኪኒኗን አደራ ብለውናል። ሐኪሟን ጠይቄ ዶሮ፣ ዝንጅብልና ቀይ ቴምር ብቻ ተፈቀደልን። ማማ ሊን ራሷ መጥታ ሠራችው፤ ሥራ ሥሩን በሙሉ ከረጢቱ ውስጥ ተወችው።

ድስቱን ስትከፍት ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። አፌን ሳልከፍት ጀማል ቀደመኝ።

«አልቆመም» አላት፣ ቀና ብሎ።

ሙና ተደግፋ ተቀመጠች። አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ ደገመች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እትዬ፣ ጨው ጎድሎታል።»

ከስንት ቀን በኋላ ስለ ምግብ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው። እኔ ማልቀስ ስጀምር ጀማል ጨው ሊያመጣ ተነሳ።