በእርሳስ የተሰመሩ ቅዳሜዎች

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ስልክ ስለማታነሺ ይህን በሹፌር ልኬልሻለሁ። እናታችን አለች። ስትሮኩ ከጣላት ወዲህ ቀኝ እጇ አልተመለሰም፤ ምላሷም እንደተሳሰረ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ዘንድ ነበርኩ። መርፌው እንዴት እንዳልሠራላት ግራ ገብቶታል። ሲያዝላት ያለንን ታስታውሻለሽ። ምግብ ሲገባ አንጀት ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን አለ፤ መርፌው የሱ አምሳያ ነው፤ ስኳሩንም ኮሌስትሮሉንም ያወርዳል፣ ሰውነትም ያከሳል፣ የአንጎሏን የደም ሥር ከመደፈን ይጠብቃል ብሎን ነበር። አንቺ አንጀትን ከአንጎል ምን አገናኘው ብለሽ ሳቅሽ። እሷም፣ አንጀቴ በእናንተ ሲቃጠል ራሴን የሚያመኝ ለካ ለዚህ ነው አለች።

ከመውደቋ በፊት ደሟን የመረመርኩት እኔው ነኝ፣ በምሠራበት ላቦራቶሪ። ኮሌስትሮሉ አሻቅቧል። ቤት ሄጄ ጮኽኩባት። ቅባት ተደብቀሽ ትበያለሽ፣ ዕድሜሽ ሁሉ ውሸት ነው አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። የቀን መቁጠሪያዋ ላይ፣ መርፌዋን በምትወጋበት በየቅዳሜው፣ የእርሳስ ምልክት ስላለ መርፌዋን አልጠረጠርኩም። ምልክቷን አምኜ እሷን ሰደብኳት።

ዛሬ ፍሪጇን ሳጸዳ የመድኃኒቱ ካርቶኖች ሁሉ ባዶ ናቸው። ያገለገለ መርፌ የምትጥልበት ጣሳ ውስጥ ግን አራት ብቻ አገኘሁ። ምልክቶቹ ሃያ ሁለት ናቸው። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ማን ወሰደው አልኳት። የቀን መቁጠሪያውን ስቤ እንዳቀብላት በዓይኗ ጠቆመችኝ፤ እርሳሱን በግራ እጇ ይዛ የዛሬዋም ቅዳሜ ላይ ምልክት አደረገች።

ለልጅሽ ሠርግ ቀሚስሽን ሁለት ጊዜ አስጠበብሽ። ሰው ምን ብትበይ ነው ሲልሽ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ አልሽ። እናታችን ወገብሽን እየዳሰሰች ትስቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ የምትጠይቂያትም አንቺ ነበርሽ። እኛም እንዴት ያለች ልጅ ናት እንል ነበር።

ሐኪሙ ማክሰኞ የመርፌውን መጠን ከፍ ሊያደርግ ነው፤ ሳታቋርጥ የወሰደች መስሎታል። ለወራት ያቋረጠ ሰው ከትንሹ ነው የሚጀምረው። ከላይ ከጀመረች ማስመለሱ አይለቃትም፤ እሷ ደግሞ ውኃ እንኳ በቅጡ አትውጥም።

ከማክሰኞ በፊት ነይ። ለሐኪሙ ራስሽ ንገሪው። እኔ ካርቶንና ጣሳ ነው ያየሁት። መቼ እንዳቆመች የምታውቁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ አንዷ መናገር አትችልም።

እግዜር ለእሷ ምላሷን ይመልስላት፣ ለአንቺም ልቡን ይስጥሽ።

ታናሽሽ